ሣጥኖቹ የኔ፣ ብረቱ የግርማ

የሞቀ አቧራ ሽታ ነው ወደኋላ የመለሰኝ። ላፍቶ፣ ድሮ ገብስ ሲታጨድበት በማውቀው ሜዳ ላይ ከቆሙት ሕንፃዎች በአንዱ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ነስሩ የሚባል ጎልማሳ የአምፕሊፋየርና የስፒከር ሱቅ ከፍቷል። ገና ባርኔጣዬን ሳላወልቅ ሽታው በሩ ላይ ተቀበለኝ። ብዙ ጊዜ ተዘግቶ የኖረ አምፕሊፋየር መብራት ሲያገኝ ውስጡ የተኛው አቧራ ይሞቅና እንዲህ ይሸታል፤ የቆየ መጽሐፍ፣ ቫርኒሽና ትንሽ ጭስ የተቀላቀለበት ሽታ ነው። የሚያውቅ ያውቀዋል። ልጄ ቀድማ ደውላለት ስለነበር ነስሩ «ጋሽ ደምሴ፣ ይግቡ፣ ይግቡ» እያለ ወንበር ሳበልኝ፤ እኔ ግን ዓይኔን ከኋላው ካለው የሥራ ጠረጴዛ ላይ መንቀል አልቻልኩም። ጥቁር ብረት ተቀምጧል። ፊቱ ላይ ሁለት እጀታ አለው። የግራ ማዕዘኑ ተልጦ ነጩ ብረት ይታያል። ሲላጥ እዚያው ነበርኩ፤ አንደኛውን እጀታ የያዝኩት እኔ ነኝ። የግርማ አምፕሊፋየር ነበር።

«ይሄ የማነው?» አልኩት፣ እንደማላውቅ ሆኜ።

«የአንድ የፉሪ ሰው ነው፤ ጋሽ ግርማ ይባላሉ። አጽዳልኝና ሽጥልኝ ብለው አመጡት። ግን ማን ቤት እንደሚገባ ሳላውቅ አይሸጥም ብለዋል።»

«አርጅቷል» አልኩ።

«ማርጀቱንስ አርጅቷል፤ ግን እንዲህ ያለ ዕቃ ጋሽ ደምሴ...» ብሎ ሲጀምር ፊቴን ወደ አዲሶቹ መደርደሪያ አዞርኩ። የዚያ ብረት ስም በተነሳ ቁጥር ከወጣትነቴ ጀምሮ ወሬ እለውጣለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ምስጋናውን ከነጋዴ አፍ ልሰማ አልመጣሁም።

የመጣሁት አምፕሊፋየር ልመርጥ ነው። ልጄ ሕይወት ዘንድሮ ሰባ ስለምሞላ «አባዬ፣ ለነዚያ ሣጥኖችህ የሚመጥን ምረጥ፤ የዋጋውን ነገር ለኔ ተወው» ብላኛለች። ሣጥኖች የምትለው ስፒከሮቼን ነው፤ እናቷ ብዙነሽም እንደዚያው ነው የምትላቸው። ቁመታቸው እስከ ወገቤ ይደርሳል። እንጨታቸው እንደ ተወለወለ ወንበር ያበራል፤ ፊታቸውን የሸፈነው ቡናማ ጨርቅ አንደኛው ላይ ድመት ቧጥጦታል። ሳሎናችን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ቆመው ስንቱን እንግዳ አስደምመዋል፤ የሚያስደምሙት ግን በመልካቸው ነው። ችግራቸው ሆዳምነታቸው ነው። ሌላው ስፒከር በተገኘው ትንሽ አምፕሊፋየር ይዘፍናል፤ እነዚህ ካልጠገቡ አፋቸውን አይከፍቱም። የዋት ቁጥር አይቶ መግዛትም አይበቃም። ወፍራሙ ድምጽ ሲመጣ የሚስቡት ኤሌክትሪክ ድንገት ያይላል፤ ያን ጊዜ ብርቱ ያልሆነ አምፕሊፋየር ይግላል፣ ድምጹ ይሻክራል፣ መጨረሻ ላይ ፊውዙን በልቶ ዝም ይላል። በነሱ ምክንያት ስንት አምፕሊፋየር እንደቀበርኩ ቤተሰቡ ሁሉ ይቀልድብኛል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ አንድ ቀን ብቻ፣ በሰው ቤት፣ በሙሉ ድምጻቸው ሲዘፍኑ ሰምቻቸዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አብረውኝ የሚኖሩት ዝም ብለው ነው።

ያኔ እኔና ግርማ በአንድ የካርታ መሥሪያ ቤት ነበርን፤ እኔ ነዳፊ፣ እሱ ቀያሽ። ነፋስ ስልክ አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ሁለት ሰርቪስ ክፍል ተከራይተን በአንድ ሣህን እየበላን እንኖር ነበር። ሱሪያችንን የሚሰፋልን አንድ ልብስ ሰፊ ነው፤ ቤል ቦተሙ ጫማችንን ጨርሶ ካልሸፈነ «ጨርቅ ቆጥበሃል» ብለን እንመልስለታለን። አፍሯችንን አበጥረን ሚዶውን በኋላ ኪሳችን እንሰካለን፤ ያለ ሚዶ መውጣት ያለ ሸሚዝ እንደመውጣት ነበር። ሻይ በስሙኒ ይጠጣል፤ ከሻይ ጋር የሚበላው ቦምቦሊኖ ስኳሩ ጢም ላይ ይቀራል፣ እኛም ሆን ብለን እናስቀረዋለን። ቅዳሜ ከሰዓት ሸክላ ቤቱ በር ላይ ቆመን፣ ባለሱቁ ወደ መንገዱ ባዞረው ስፒከር አዲስ የወጣውን ዘፈን እንሰማና ግጥሙን በቃላችን ይዘን በእግራችን ወደ ሰፈር እንመለሳለን። ዛሬ ያ ሸክላ ቤት የነበረበት ቦታ የሞባይል ሽፋን ይሸጥበታል። የሰርቪስ ቤቶቻችንም ከነግቢው የሉም፤ ኮንዶሚኒየም በላያቸው ቆሟል፤ የእኔ ክፍል በነበረበት ላይ የመኪና ማቆሚያው ሳይሆን አይቀርም። ግርማ የዝዋይ ሐይቅ ዳር ልጅ ነው፤ አባቱ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ዘፈን ሲያዳምጥ እንደኛ አይወዛወዝም፣ በጣቱም ጠረጴዛ አይመታም፤ መረብ ጥሎ እንደሚጠብቅ ሰው ጸጥ ብሎ ይቀመጣል። እኔ በዚህ በዚህም ሳልቀናበት አልቀረሁም።

ጊዜው ፈረንጅ ሁሉ ዕቃውን እየሸጠ የሚሄድበት ጊዜ ነበር። አንድ የመንገድ ሥራ መሐንዲስ አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ያለ ቪላውን ሊለቅ ነው ሲባል ከሥራ ወጥተን በረርን። አልጋውንም ማቀዝቀዣውንም ሌላው ተሻምቶ ወስዶታል፤ ሳሎኑ ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ስፒከሮችና ጥቁሩ ብረት ነበሩ። ሰውየው ለስንብት ይሁን ለመሸጥ አንድ ሸክላ አስቀመጠ። ምን ቋንቋ እንደሆነ የማላውቀው ሴትዮ ዘፈነች፤ እኔ ግን ቤቱ ውስጥ የገባች መስሎኝ ዞር ብዬ በሩን አየሁ። ግርማ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ሁሉንም ለመግዛት የአንዳችንም አቅም ስላልቻለ ያለንን አዋጥተን ወሰድነው። መካፈሉ ላይ ነው ነገር የመጣው፤ ሁለታችንም የምንፈልገው ሁሉንም ነበር። በመጨረሻ እዚያው የፈረንጁ በረንዳ ላይ ሳንቲም ወረወርን። እኔ ጎፈር አልኩ፤ ጎፈር ወደቀ። መጀመሪያ የምመርጠው እኔ ሆንኩ ማለት ነው።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱኝ። በአንድ በኩል ሁለት የተወለወሉ፣ ቁመናቸው ያማረ ሣጥኖች፤ በሌላ በኩል ሁለት ሰው ተረዳድቶ የሚያነሳው፣ የወፍጮ ድንጋይ የሚያህል አስቀያሚ ጥቁር ብረት። ማን ነው ብረቱን የሚመርጠው? ሰው ቤት ገብቶ ዘፈን ሲሰማ የሚያየው ስፒከሩን ነው። ሣጥኖቹን አልኩ። ግርማ ሳቅ ብሎ «ይቅናህ» አለኝና የተረፈውን ወሰደ። ብረቱን ተረዳድተን ስናወጣ የግቢው በር ግራ ማዕዘኑን ላጠው። ሣጥኖቹን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ፈረስ ጋሪ ላይ ጫንናቸው፤ እኔ እጄን አንደኛው ላይ ጭኜ እስከ ነፋስ ስልክ ድረስ በእግሬ አብሬ ሄድኩ። መንገደኛ ሁሉ ዞሮ ያያል። እንዲያ ዓይነት ደስታ በሠርጌ ቀን እንኳ አልተሰማኝም፤ ይህን ብዙነሽ ታውቃለች፣ ስትናደድ ታነሳዋለች።

ሐሳባችን አንዱ ክፍል ውስጥ አገናኝተን እሑድ እሑድ አብረን ልንሰማ ነበር። ግን የኔ ወዳንተ ይምጣ ወይስ ያንተ ወደኔ በሚለው ሳምንት አለፈ። ወደሱ ክፍል ብወስዳቸው እንግዳ የሚቀበለው እሱ፣ ሻይ የሚያቀርበው እሱ፣ «የግርማ ቤት ሙዚቃ» የሚባለው የሱ ሊሆን ነው። እሱም የዚያኑ ያህል አስቦ ይሆናል። እኔ የመሥሪያ ቤቱ የማስታወቂያ ክፍል ከጣለው አንድ ትንሽ አምፕሊፋየር ላይ ሣጥኖቹን ሰካኋቸው። ጉንፋን እንደያዘው ጎረምሳ ድምጻቸው ሻከረ። ግርማ በበኩሉ ብረቱን ከተሰበረ ራዲዮ በተፈቱ ሁለት ተራ ስፒከሮች ላይ ሰካና አንድ እሑድ ከሰዓት ጓደኞቻችንን ጠራ። እጮኛዬን ብዙነሽንም ይዤ ሄድኩ። ብዙነሽ ያኔም ሆነ ዛሬ እጇ ሥራ አይፈታም፤ ዳንቴሏን ይዛ መጥታ ጥግ ላይ ተቀምጣ ትሠራለች። ግርማ ሸክላውን አስቀመጠ። ያ የራዲዮ ሬሳ፣ እኔ ብሆን በነፃ የማልወስደው ስፒከር፣ ነፍስ ዘራ። ሰው ሁሉ ሲጨፍር እኔ ብዙነሽን አየኋት። ኪሮሹን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። ጣቶቿ ባሉበት ቆመዋል፤ አፏ ትንሽ ተከፍቷል። ዘፈኑ አልቆ መርፌው ሲንሸራተት እንኳ ኪሮሹን አላነሳችም። በማግስቱ እኔ ክፍል ያንኑ ሸክላ አስቀመጥኩላት። «ጥሩ ነው» አለችኝ፣ ክሯን እየቀጠለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ጥሩ ነው» የሚለውን ቃል ጠልቼዋለሁ።

እኔም ተነሳሁ። ፒያሳ አካባቢ አንድ ሰው ከግርማው የማያንስ አምፕሊፋየር አለው ሲሉ ሰማሁና፣ ሳፋሪዬን አስተኩሼ፣ ጫማዬን አስጠርጌ ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። ለጓደኞቼ ሁሉ ነግሬያለሁ፤ ግርማም ያውቃል። ሰውየው ዕቃውን ቀድሞ ለሌላ ሰጥቶታል። ባዶ እጄን በከተማ አውቶቡስ ተጨናንቄ፣ ሳፋሪዬ ተጨማድዶ ተመለስኩ። ሰፈራችን መግቢያ ማዕዘን ላይ ካለችው ሻይ ቤት በር እነ ግርማ ተሰብስበው ተቀምጠዋል። ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ላልፍ ስል ግርማ አየኝ። አገጩን ብድግ አድርጎ፣ ሁሉም እየሰማ፣

«ቀናህ?» አለኝ።

ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ። እሑድ ዕለት እጮኛዬ በሱ ቤት ስትፈዝ እኔ ምን የመሰለ ፊት ይዤ እንደነበር አይቶኛል፤ አሁን ደግሞ በሰው ፊት ቅናተኛ ሊያሰኘኝ ነው። «ባንተ? በምንህ ነው የምቀናው? በተረፈህ ብረት?» አልኩት። ግርማ ብርጭቆውን አየ። እኔም ሄድኩ። እሱ የመስክ ሥራ ወጣ፣ ሲመለስ ክፍሉን ለቀቀ፤ ብዙ ቆይቶ ፉሪ ቤት ሠራ ሲሉ ሰማሁ።

ተጣልተን አልተኳረፍንም፤ የባሰ ነገር አደረግን፣ እርስዎ መባባል ጀመርን። በሠርግ፣ በለቅሶ፣ የድሮ የመሥሪያ ቤት ሰዎች በሚሰበሰቡበት ስንገናኝ «አቶ ደምሴ እንደምን ሰነበቱ» ይለኛል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ አቶ ግርማ» እለዋለሁ። ባርኔጣም እናነሳለን። በአንድ ሣህን የበላን፣ ሱሪ የተዋዋስን ሰዎች ነን። ብዙነሽ እየሳቀች «ቆንስላዎቹ ተገናኙ» ትላለች። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሳትስቅ «በሴት የሚቀና ወንድ አይቻለሁ፣ በብረት የሚቀና ግን አንተን ብቻ» ትለኛለች። በብረት ብቻ አይደለም ብዬ አላውቅም። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ነገር ነው የፈለግኩት፤ በኔ ቤት፣ በኔ ሣጥኖች ፊት፣ የዚህች ሴት እጅ አንድ ቀን ሥራ እንዲፈታ። ልጅ አሳድገን ድረናል፣ ቤት ሠርተናል፣ እሷም ጡረታ ወጥታለች። እጇ ግን በኔ ዘፈን ቆሞ አያውቅም።

ነስሩ ጥሩ ነጋዴ ነው። «አምፕሊፋየር በሱቅ ውስጥ አይመረጥም፣ ስፒከሩ ያለበት ቤት መጥቶ ነው የሚሰማው» አለና ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ አንዱን በመኪናው እያመጣ ይሰካልኝ ጀመር። የመጀመሪያው ባለ ቫልቭ ነበር፤ አናቱ ላይ የተደረደሩት ብርጭቆዎች ቀስ እያሉ ብርቱካንማ ሆነው ሲበሩ ልቤ ቀለጠ። የዘፋኙ ድምጽ ማር ነው። ወፍራሙ ድምጽ ሲመጣ ግን ሣጥኖቹ ጠግበው አላደሩም፤ ከበሮው ከጎረቤት ግቢ እንደሚመጣ ሆነ። ብዙነሽ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች «አምፖሎቹ ደስ ይላሉ» አለች። ሁለተኛው መጽሐፍ የሚያህል፣ እንደ ቢላ የሚያብለጨልጭ ቀጭን ነገር ነው። ትንሽነቱን አይቼ ስቄበት ነበር፤ ጉልበቱ ግን የሚገርም ነው፣ ሣጥኖቹን ያለ ድካም አንቀሳቀሳቸው። ድምጹ ጥርት ያለ፣ እንከን የማይወጣለት ነው። ብቻ ከዘፋኙ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ያለሁ አልመሰለኝም። ዘፈኑ መሐል ላይ መብራት ሄደ። ቤቱ ጸጥ ሲል ወደ ብዙነሽ ዞርኩ፤ ጎመን እየቀነጠሰች ነው። ዘፈኑ መቆሙን ልብ አላለችም። ሦስተኛው ትልቅ ነው፤ ፊቱ ላይ ሰማያዊ መብራት ውስጥ ሁለት ቀስቶች ከዘፈኑ ጋር ይደንሳሉ፣ በርቀት መቆጣጠሪያ ይታዘዛል። የመስኮቱ መስታወት እስኪንቀጠቀጥ ከፈትነው። ይህን ልገዛ ወስኜ ነበር ማለት ይቻላል። «እ?» አልኳት ብዙነሽን። ትራስ ልብስ እየጠቀመች ነበር። መርፌዋን አሳልፋ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «ጥሩ ነው» አለች።

ነስሩ ሽቦውን እየጠቀለለ ዝቅ ባለ ድምጽ «ጋሽ ደምሴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከሦስቱ አንዱን ቢወስዱልኝ ለኔ ይሻለኛል። ግን እርስዎ አምፕሊፋየሩን አይደለም የሚያዩት፤ የእትዬን እጅ ነው» አለኝ። «ያንን አሮጌውን አንዴ እናምጣው። ባይሆን አይሆንም ብለን እንተወዋለን። ለጋሽ ግርማ የማን ቤት እንደሆነ ነግሬያቸዋለሁ፤ እኔም አብሬ እመጣለሁ ብለዋል» አለ።

ያን ሳምንት በደንብ አልበላሁም። ነገሩን እንዴትም ባገላብጠው ለኔ አይሆንም። ብረቱ ሣጥኖቼን ካዘፈናቸው፣ ያኔ በፈረንጁ በረንዳ ላይ ጎፈር ወድቆልኝ የተሸነፍኩት እኔ ነኝ ማለት ነው፤ ግርማ በትርፍራፊ አሸንፎኛል። ካላዘፈናቸው ደግሞ ዕድሜ ልኬን የቀናሁት በከንቱ ነው። ከሁለቱ የትኛውን እንደምመኝ አላውቅም ነበር። ባለ ሰማያዊ መብራቱን ውሰድና ተገላገል የሚለኝ ሐሳብ መጣ፤ ቢያንስ አዲስ ነው፣ ቢያንስ ማንም ያልነካው ነው። ሐሙስ ዕለት ለነስሩ ደወልኩና «እስቲ አምጣው» አልኩት፣ የማልፈልግ እየመሰልኩ።

ቅዳሜ መጡ። ግርማ ከዘራ ይዟል፣ ጸጉሩ ጥጥ ሆኗል፣ የግራ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጓል። «እንደምን ዋሉ አቶ ደምሴ» አለኝ። «እንደምን ዋሉ፣ ይግቡ» አልኩት። ብዙነሽ ከወጥ ቤት እየሮጠች ወጥታ ጉንጩን አገላብጣ ሳመችው፤ እኔ ከመንገድ ስመለስ እንዲያ ተስሜ አላውቅም። ግርማ ወደ ሣጥኖቹ ሄደና የአንደኛውን አናት በመዳፉ ዳሰሰው። «አላረጁም» አለ። ነስሩ ብረቱን መሐላቸው አስቀምጦ ሰካውና ማብሪያውን ተጫነ። አልበራም። መንገድ ላይ ተንገጫግጦ ፊውዙ ተሰብሯል። የዚህ ዓይነት ፊውዝ አሁን አይገኝም እያለ፣ አስፋልቱ ላይ ያሉትን የኤሌክትሪክ ሱቆች ሊያስስ ወጣ።

ሦስታችን ተቀመጥን። ብዙነሽ ሰፌዷን አምጥታ ምስር ትለቅም ጀመር፤ ጠጠር ባገኘች ቁጥር ከጎኗ ያለው ቆርቆሮ ሣህን ላይ ትጥላለች፣ ጠብ ይላል። ግርማ የሻይ ቤቷ ቦታ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ፋርማሲ ሆኗል አልኩት። የልብስ ሰፊውን ስም ሁለታችንም ረስተነዋል። ከዚያ የጆሮ ማዳመጫውን በጣቱ ነካ አድርጎ «በዚህ የሰው ወሬ እሰማለሁ። ዘፈን ግን ቆርቆሮ ይሆንብኛል። ለዚያ ነው ልሸጠው ያልኩት፤ ለማይሰማው ሰው ምን ያደርጋል» አለ። አልዋሽም፣ ለአፍታ ደስ አለኝ። ሌላው ቢቀር ከእንግዲህ የግርማ ቤት ሙዚቃ የሚባል የለም። ደስታው ግን አንድ ጉርሻ እንኳ አልሆነልኝም፤ ከዓይኑ ስር ያለውን ቆዳ ሳየው አለቀ።

በሩ ተከፈተና ነስሩ ላብ በላብ ሆኖ ገባ። ግርማ ከወንበሩ ሳይነሳ አገጩን ብድግ አደረገና፣

«ቀናህ?» አለው።

ነስሩ መዳፉን ዘረጋ። ትንሿ የመስታወት ፊውዝ ላቡ ላይ ታበራለች። «ቀናኝ፣ ጋሽ ግርማ» አለ እየሳቀ።

እኔ ባለሁበት ደረቅኩ። ያው አገጭ ነው። ያው ድምጽ ነው። ያንኑ ቃል ነው በዚያች ማዕዘን ከሻይ ቤቱ በር የወረወረልኝ። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው፤ ሐይቁ ዳር ጀልባ ሲመለስ የሚጠየቀው ይኸው ነው፣ ዓሣ ያዝክ ወይ አይባልም፣ ቀናህ ነው የሚባለው። ይህን አጥቼው አይደለም፤ አባቱ ምን እንደነበሩ አውቃለሁ፣ ሳንቲሙ ሲወድቅልኝ «ይቅናህ» ማለቱንም ሰምቻለሁ። ፒያሳ ሄጄ እንደነበር ያውቃል፤ አምፕሊፋየሩን አገኘህ ወይ ነው ያለኝ። ያኔ እርስዎ የምንባባል ቢሆን ኖሮ «ቀናዎት?» ይለኝና «አይ፣ ሌላ ቀድሞኛል» ብዬው ቁጭ ብዬ ሻዬን እጠጣ ነበር። ቅናተኛ ሊለኝ ቢፈልግ ደግሞ «ቀኑ?» ነበር የሚለው። ሁለቱ ቃል አንድ የሚሆነው አንተ ለሚባባሉ ሰዎች ብቻ ነው። መቀራረባችን ነው ያጣላን።

ልነግረው አፌን ስከፍት ነስሩ ማብሪያውን ተጫነ። ትንሿ ቀይ መብራት በራች፤ ብረቱ ከሆዱ አንዴ እምም አለና ዝም አለ። ያ የሞቀ አቧራ ሽታ ቀስ እያለ ሳሎኑን ሞላው። «ይሙቅ» አለ ግርማ። ጠበቅን። ብዙነሽ ሰፌዷን አስቀምጣ ተነሳችና ሳትጠየቅ ከሸክላዎቹ መሐል ፈልጋ አንዱን ሰጠችኝ። ልባሱ የተቀዳደደ ነው፤ ክራርና ቤዝ ጊታር ብቻ የሚያጅቧት ሴት ዘፋኝ ናት። የዚያ እሑድ ሸክላ ነው። እኔ ያስታወስኩት በኔ ቅናት ነው፤ እሷ በምን እንዳስታወሰችው አልጠየቅኳትም። ወደ ምስሯ ተመለሰች።

መርፌውን አሳረፍኩ። መጀመሪያ የመጣው ድምጽ አይደለም፣ ትንፋሽ ነው፤ ዘፋኟ ከመጀመሯ በፊት አየር ስትስብ። ይህን ሸክላ ስንት ጊዜ አጫውቼዋለሁ፣ ያቺ ትንፋሽ እዚያ እንዳለች አላውቅም ነበር። ከዚያ ቤዙ ከወለሉ ተነሳና በጫማዬ ገባ። ሣጥኖቹ ከጥጋቸው ጠፉ፤ በነሱ ቦታ ሰው አለ። ይህን ሁሉ እሰማለሁ፣ ግን የማዳምጠው ሌላ ነገር ነው። ጠብ። ከክራሩ ስር፣ ከዘፋኟ ኋላ፣ የብዙነሽ ጠጠር ቆርቆሮው ላይ ትወድቃለች። ጠብ። ወደሷ ለመዞር ፈራሁ። ዘፋኟ ሁለተኛውን ስንኝ ጀመረች። ጠብ አላለም። ጠበቅኩ። አሁንም ጠብ አላለም።

ዞርኩ። ሰፌዱ ጭኗ ላይ ነው። አንድ ምስር በሁለት ጣቷ ይዛ እጇ አየር ላይ ቆሟል። አፏ እንደዚያን ቀን ትንሽ ተከፍቷል፤ ሰባ ዓመት የሚጠጋው ፊቷ ላይ ያችን ጥግ ላይ የተቀመጠች ልጅ አየኋት። በኔ ቤት፣ በኔ ሣጥኖች ፊት ነው። ዓይኗ ያረፈው ግን ሣጥኖቹ ላይ አይደለም። ማዕዘኑ የተላጠውን ብረት እያየች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ፣ «ይኸው እሱ ነው» አለች።

ደስ አለኝ፤ ያ የድሮው ቅናትም ቦታውን ያዘ። አንዱ አንዱን አላስለቀቀውም። ነስሩ ፈገግ ብሎ አቀርቅሯል። ግርማ መዳፉን ከጆሮው ኋላ አድርጎ ወደ ድምጹ ተጠግቷል፤ ምንም ያህል ቢጠጋ እንደማይሰማው ያስታውቃል። ቆይቶ ተወውና ዘፈኑን ከኔ ፊት ላይ ሊያነብ ወደኔ ዞረ። ያን ሁሉ ዘመን የተባባልነውን እርስዎ ረሳው።

«እኔ ግማሹን ነው የምሰማው» አለኝ። አገጩን ብድግ አደረገ። «ቀናህ?»

«አዎ» አልኩት። በሱም ትርጉም፣ በኔም።